የማዞርን ምስጢር ከጆሮ ውስጥ ያወጣው ሐኪም

ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚሄድ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ይህችን ነገር ያውቃታል። መንገዱ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ገና ግማሽ ሳይደረስ ከኋላ ወንበር አንዷ ረዳቱን ፌስታል ትጠይቃለች። አጠገቧ የተቀመጡት እናት ከመቀነታቸው ሎሚ ፈትተው ያቀብሏታል። አንዱ መስኮት ይከፈት ይላል፣ ሌላው ብርድ ነው ይዘጋ ይላል። ስልኩ ላይ ተደፍቶ ቲክቶክ ሲያይ የነበረው ወጣት ደግሞ ድንገት ስልኩን ኪሱ ይከትና ዓይኑን ይጨፍናል። ፊቱ ገርጥቷል፤ ላብ ላብ ብሎታል።

ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውማ የባሰ ፈተና አለበት። ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ፣ ከድልድዩ ደግሞ ሽቅብ ወደ ጎሃ ጽዮን ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ መውጣት ነው፤ ያውም እየተጠማዘዙ። እዚያ በረሃ ውስጥ ቁርሱን ያልመለሰ የጎጃም ተጓዥ ካለ ይመስገን።

እስቲ አስቡት። ሰውዬው አልሮጠም፤ ቁጭ ብሏል። የተበላሸ ምግብም አልበላም። መንገዱ ስለተጠማዘዘ ብቻ ሆዱ ለምን ይገለበጣል? አብዛኞቻችን ጥፋቱን ለቁርሱ፣ ለናፍጣው ሽታ ወይም ለሾፌሩ እንሰጣለን። ዋናው ጉዳይ ያለው ግን ሆድ ውስጥ አይደለም፤ ጆሮ ውስጥ ነው። ይህንን የጆሮ ክፍል በሐኪም እጅ የሚመረመር ያደረገው ደግሞ አንድ ጉልበቱ የማይታጠፍ የቪየና ሰው ነው፤ ሮበርት ባራኒ። የኖቤል ሽልማት ማሸነፉን የሰማው የጦር ምርኮኛ ሆኖ ነው። አገሩ ሲመለስ የጠበቀው ግን ጭብጨባ አልነበረም።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉልበቱ የደረቀው ልጅ

ባራኒ የተወለደው ሚያዝያ 22 ቀን 1876 ቪየና ውስጥ ነው። አባቱ የእርሻ መሬት አስተዳዳሪ ነበር። ከ6 ልጆች የመጀመሪያው እሱ ነው።

ልጅ ሳለ የአጥንት ቲቢ ያዘው። በዚያ ዘመን ለቲቢ የሚሆን መድኃኒት ገና አልተገኘም ነበር፤ ሕይወቱ ብትተርፍም አንዱ ጉልበቱ እንደ ደረቀ ቀረ። ለሕክምና ፍቅር ያደረበት ከዚያ ሕመም የተነሳ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ልጁ ግን ቤት የሚቀመጥ ዓይነት አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ቴኒስ ይጫወት፣ ተራራም ይወጣ ነበር። በትምህርቱም ቢሆን ከክፍሉ አንደኛ ነበር።

በ1900 ከቪየና ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ። ጀርመን አገር ሄዶ የውስጥ ደዌንና የአእምሮ ሕክምናን ተማረ። ተመልሶም ቀዶ ሕክምና ሠራ። የሳይኮአናሊሲስ አባት የሚባለው ሲግመንድ ፍሮይድም ያኔ ቪየና ውስጥ ነበር፤ ባራኒን ግን ባሕርይው ያልተለመደ ነው ብሎ ተማሪው አድርጎ ሊቀበለው አልፈለገም። በ1903 ባራኒ ሙሉ ሕይወቱን የሚቀይረውን በር አገኘ፤ በታዋቂው አዳም ፖሊትዘር የጆሮ ክሊኒክ ረዳት ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ።

የጆሮ ሐኪም መሆን ያኔ ቀላል ሥራ አልነበረም። አንቲባዮቲክ የለም። መግል የያዘ ጆሮ ዝም ከተባለ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ወደ አንጎል ከደረሰ ማጅራት ገትር ወይም የአንጎል መግል ያመጣና ሰው ይገድላል። የሐኪሙ ትልቁ ጭንቀት መግሉ የት ድረስ እንደ ደረሰ ማወቅ ነበር። የውስጥ ጆሮ ደግሞ ከራስ ቅል አጥንት ውስጥ ተቀብሮ ያለ ነገር ነው፤ ገልጠህ አታየው። የመስማት ክፍሉን በድምፅ መፈተን ይቻላል። ሚዛን የሚጠብቀውን ክፍል ግን በምን ትፈትነዋለህ?

ከባራኒ በፊት መንገዱን የጠረጉ ነበሩ። በ1820ዎቹ ፈረንሳዊው ፍሉራንስ የእርግቦችን የውስጥ ጆሮ ቱቦዎች ሲቆርጥ እርግቦቹ መስማት ሳያቅታቸው ይሽከረከሩ ጀመር። በ1861 ደግሞ ፕሮስፐር ሜኒየር የተባለ የፓሪስ ሐኪም፣ ከአንጎል ይመጣል ይባል የነበረው ከባድ ማዞር ከጆሮም ሊነሳ እንደሚችል አስረዳ። ሐሳቡ ነበረ ማለት ነው። የጠፋው በየቀኑ በሽተኛ ላይ የሚሠራ፣ ቀላል፣ የማይዋሽ ፈተና ነው።

ውሃው ቀዘቀዘ ያለው በሽተኛ

የክሊኒኩ የዘወትር ሥራ ጆሮ ማጠብ ነበር። ውሃ በመርፌ መሰል መርጫ ወደ ጆሮ ይገፋል፣ ቆሻሻው ይወጣል። ብዙዎቹ ታካሚዎች ታዲያ ሲታጠቡ አዞረን ይሉ ነበር። ሌላ ሐኪም ቢሆን ትንሽ ታገሥ ብሎ ያልፈዋል። ባራኒ ግን ዓይናቸውን ማየት ጀመረ። ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ አንድ ጎን ይሄድና ፈጠን ብሎ ይመለሳል፤ እንደገና ይሄዳል፣ ይመለሳል። ይህን የዓይን መንቀጥቀጥ ሐኪሞች ኒስታግመስ ይሉታል።

አንድ ቀን አንዱ ታካሚ ቅሬታ አቀረበ። የሚያዞረኝ ውሃው በደንብ ሳይሞቅ ሲቀር ነው፤ ቤቴ በሞቀ ውሃ ስታጠብ ምንም አልሆንም አለ። ባራኒ ነርሷን ሙቅ ውሃ እንድታመጣ ጠየቃት። እሷ ደግሞ በቂ ሙቀት አለው ብላ ተከራከረች። እሱ ግን በሽተኛው በረደኝ ካለ እንደ እሱ ፈቃድ ይሁን አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ነርሷ በጣም የጋለ ውሃ ይዛ መጣች። ሲረጭለት ሰውዬው ጮኸ፤ ውሃው አቃጠለኝ፣ አሁንም ዞረብኝ አለ። ባራኒ ፈጥኖ ዓይኑን አየ። ዓይኑ ይንቀጠቀጣል፤ ግን በቀዝቃዛው ውሃ ጊዜ ከነበረው በተቃራኒ አቅጣጫ!

በቃ፣ ነገሩ እዚህ ጋ ተፈታ። የሚያዞረው የውሃው ግፊት ቢሆን ኖሮ ሙቅም ሆነ ቀዝቃዛ ልዩነት ባላመጣ ነበር። ወሳኙ ሙቀቱ ነው። ለምን የሚለውን ደግሞ የልጅነት ትዝታ መለሰለት። ልጅ ሳለ የመታጠቢያ ውሃ ማሞቂያቸው ከላይ የሚያቃጥል፣ ከታች እሳቱ አጠገብ ግን ቀዝቃዛ መሆኑ ይገርመው ነበር። ሙቅ ውሃ ይቀላል፣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ይከብዳል፣ ይወርዳል። የውስጥ ጆሮም 37 ዲግሪ ሙቀት ያለው ፈሳሽ የሞላበት ዕቃ ነው። በአንድ በኩል ብታቀዘቅዘው ፈሳሹ ወደ ታች ይፈስሳል፤ ብታሞቀው ወደ ላይ ይወጣል። ፈሳሹ ሲንቀሳቀስ አንጎል ጭንቅላቱ የተሽከረከረ ይመስለዋል።

ይህ እውነት ከሆነ የታካሚውን ጭንቅላት ብንገለብጠው የዓይኑ አቅጣጫም መገልበጥ አለበት ብሎ አሰበ። ሞከረው፤ ተገለበጠ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ለሐኪም ሁሉ መሣሪያ ሆነ። ቀኝ ጆሮ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ስትረጭ ጤነኛ ሰው ከሆነ ዓይኑ ፈጠን ፈጠን እያለ ወደ ግራ ይዘላል፤ በሙቅ ውሃ ወደ ቀኝ። ምንም ካልሆነ ያኛው የውስጥ ጆሮ ሞቷል ወይም ተጎድቷል ማለት ነው። አጥንት ሳይቆረጥ፣ ደም ሳይፈስስ፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃና በሐኪሙ ዓይን። ቀዶ ሐኪሞች መግሉ የት እንደ ደረሰ ለመገመት ይህን ፈተና ይዘው ይገቡ ጀመር።

ጆሮ ሲታጠብ እንደሚያዞር ከባራኒ በፊት ያዩና የጻፉ ነበሩ። የእሱ ሥራ ያንን ተራ ቅሬታ ምክንያቱን አስረድቶ ወደ ምርመራ መለወጡ ነው። ከዚህ ሌላ በሽተኛን እያሽከረከረ የሚመረምርበትን ወንበርም በስሙ አስጠርቷል። የባራኒ ወንበር ዛሬም አለ፤ አብራሪዎች ደመና ውስጥ ሲገቡ ጆሯቸው እንዴት እንደሚያታልላቸው የሚማሩበት እሱ ላይ ተቀምጠው ነው።

ዓይንና ጆሮ ሲካሰሱ

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ብለን ያችን የአዴት መንገድ ተሳፋሪ እንያት።

በእያንዳንዱ የውስጥ ጆሮ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ። አንዱ ራስ መነቅነቅን፣ አንዱ ወደ ጎን ማዘንበልን፣ አንዱ ግራ ቀኝ መዞርን ይለካል ብላችሁ በግርድፉ ያዙት። ውስጣቸው ፈሳሽ አለ። አንድ ስኒ ውሃ ላይ የሻይ ቅጠል ፍርፋሪ ጣሉና ስኒውን ጠምዘዝ አድርጉት። ስኒው ዞረ፤ ፍርፋሪው ግን ባለበት ቀረ አይደል? ጆሮ ውስጥም እንደዚያው ነው። ጭንቅላት ሲዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ጥቃቅን ፀጉሮችን የያዘች አንዲት ስስ መጋረጃ ያጎብጣል፣ ፀጉሮቹም ለአንጎል ዞረናል ብለው ወሬ ያደርሳሉ። ከቱቦዎቹ አጠገብ ደግሞ ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች የያዙ ሁለት ከረጢቶች አሉ፤ መኪናው ፍሬን ሲይዝ፣ ሲፈጥን፣ ጉድጓድ ሲገባ የሚነግሩን እነሱ ናቸው።

አንጎል ይህን ወሬ ለብቻው አያምንም። ከዓይን ጋር ያመሳክረዋል። ከእግርና ከአንገት ጡንቻዎችም ይጠይቃል። በእግራችን ስንሄድ ሁሉም አንድ ቃል ይናገራሉ። ሚኒባስ ውስጥ ስልክ ላይ ስታፈጥጡ ግን ዓይናችሁ የሚያየው ያልተንቀሳቀሰ ጽሑፍ ነው፤ ቆመናል ይላል። ጆሯችሁ ደግሞ ወደ ግራ ታጠፍን፣ ወደ ቀኝ ታጠፍን፣ ወደ ላይ ዘለልን ይላል። ሁለት ምስክሮች ተካሰሱ። የሚያቅለሸልሸን ይህ አለመስማማት ነው የሚለው ዛሬ ሰፊ ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ ነው።

እሺ፣ ምስክሮቹ ቢካሰሱ ሆድ ምን አገባው? አንደኛው መልስ ሽቦው ነው። ከጆሮ የሚመጣው ወሬ የሚደርሰው በአንጎል ግንድ ነው። የማስመለስ፣ የላብ፣ የምራቅና የልብ ምት ትእዛዝ የሚወጣውም እዚያው ሠፈር ነው፤ እርስ በርስም የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ነው ማቅለሽለሹ ብቻውን የማይመጣው፤ ምራቅ ይሞላል፣ ፊት ይገረጣል፣ ቀዝቃዛ ላብ ይመጣል።

ሁለተኛው መልስ መላ ምት ነው፤ ግን ደስ ይላል። ትሪዝማን የተባለ ተመራማሪ በ1977 እንዲህ ብሎ አሰበ። በጥንት ዘመን መኪናም መርከብም አልነበረም። ዓይንና ጆሮ ድንገት ሲጣሉ አንዱ ትልቅ ምክንያት መርዝ መብላት ነበር። ስለዚህ አንጎል እነዚህ ሁለቱ ካልተስማሙ ተመርዣለሁ፣ የበላሁትን ላውጣ ብሎ ይደመድማል። ከዚህ አንጻር ዓባይ በረሃ ላይ የምናወጣው ቁርስ የተሳሳተ የነፍስ አድን ሥራ ነው ማለት ነው።

አረቄ አብዝቶ የተኛ ሰው አልጋው የሚዞርበትም በዚሁ ጆሮ ነው። አልኮል ከውሃ ይቀላል። በደም በኩል መጀመሪያ ወደዚያች ስስ መጋረጃ ይገባና ከፈሳሹ ይልቅ ታቅላለች፤ ሰውዬው ጋደም ሲል መጋረጃዋ ትንሳፈፋለች፣ አንጎልም ቤቱ ዞረ ይላል። አረቄው በእርግጥ መርዝ ስለሆነ እዚህ ላይ አንጎል አልተሳሳተም!

ጥፋቱ የጆሮ ለመሆኑ ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ የሚሰጡት የውስጥ ጆሯቸው የማይሠራ ሰዎች ናቸው። በ1882 አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ ብዙ መስማት የተሳናቸውን ሰዎች መርምሮ፣ ከእነሱ መካከል ብዙዎቹ ቢሽከረከሩም እንደማያዞራቸው አሳየ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይልና የጠፈር ተመራማሪዎች ከጋሎዴት ኮሌጅ መስማት የተሳናቸው 11 ወንዶችን መርጠው ፈተኗቸው። አብዛኞቹ ጆሯቸውን ያጡት በማጅራት ገትር ነው። ማዕበል በሚያናውጠው መርከብ ላይ ተመራማሪዎቹ ሲያስመልሱ እነሱ ተረጋግተው ካርታ ይጫወቱ ነበር። ሆዳቸው የእኛው ዓይነት ሆድ ነው። የተለየው ጆሯቸው ነው።

ስለዚህ መፍትሔው ምስክሮቹን ማስታረቅ ነው። ስልኩን አስቀምጡት። ከፊት ተቀምጣችሁ ሩቅ ተመልከቱ፤ ዓይን መንገዱ ሲታጠፍ ካየ ከጆሮ ጋር ይስማማል። ሾፌሩን የማያዞረው መታጠፊያውን ቀድሞ ስለሚያውቀው ነው። ጭንቅላታችሁን ወንበሩ ላይ ደገፍ አድርጉ። ማየት ካልቻላችሁ ዓይን መጨፈንም ይረዳል፤ ቢያንስ አንዱን ምስክር ዝም ማሰኘት ነው። በባዶ ሆድም፣ ጢም ብሎ በልቶም መሳፈር አይመከርም። ሎሚዋ የጆሮን ፈሳሽ አታረጋጋም፤ የናፍጣውን ሽታ ግን ትሸፍናለች፣ እሱም ቀላል እርዳታ አይደለም። ከጉዞ በፊት የሚዋጡ መድኃኒቶችም አሉ፤ ብዙዎቹ እንቅልፍ ስለሚያመጡ ለሾፌር አይሆኑም፤ ፋርማሲስት ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ማዞር ሁሉ የመኪና አይደለም። በድንገት የመጣ ማዞር ከአፍ መንሻፈፍ፣ ከንግግር መተሳሰር፣ ከእጅ ወይም ከእግር መስነፍ፣ ከከባድ ራስ ምታት ወይም ቆሞ መሄድ ከማቃት ጋር ከመጣ ስትሮክ ሊሆን ይችላልና በሎሚ ሳይሆን በፍጥነት ሆስፒታል ነው መታከም ያለበት።

ምርኮኛው ተሸላሚ

ወደ ባራኒ እንመለስ። በ1909 ኢዳ በርገርን አገባ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ስሙ በጆሮ ሕክምና ዓለም ገነነ። ከዚያ በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ።

ጉልበቱ እንደዚያ ሆኖ ማንም ዝመት አይለውም ነበር። እሱ ግን በገዛ ፈቃዱ ለኦስትሪያ ጦር ቀዶ ሐኪም ሆኖ ሄደ። የአንጎል ቁስለኞችን ማከም ብቻ ሳይሆን፣ ሚዛን የሚጠብቀው ጆሮ ከትንሹ አንጎል ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ለመመርመርም አስቦ ነበር። የተመደበው ፕሼሚሽል በምትባል የምሽግ ከተማ ነው፤ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ናት። የሩሲያ ጦር ከተማዋን ለወራት ከበባት። ምግብ አለቀ። መጋቢት 22 ቀን 1915 ከተማዋ እጇን ሰጠች፤ ከመቶ ሺህ በላይ ወታደር ተማረከ። ባራኒም ከነሱ ጋር።

ወደ መካከለኛው እስያ ሜርቭ ወደምትባል ሞቃት ቦታ ተላከ፤ ዛሬ ቱርክሜኒስታን በሚባለው አገር ማለት ነው። እዚያም ወባ ያዘው። ቆላ ወርዶ ወባ የተያዘ የጎጃም ሰው ይህን ለማሰብ አይቸገርም፤ ሙቀት፣ ብርድ ብርድ፣ ደግሞ ሙቀት። ያም ሆኖ ሐኪምነቱን አልተወም፤ በዚያው በምርኮ እያለ በሽተኛ ያክም ነበር።

በዚህ መሐል ከስቶክሆልም ወሬ መጣ። የ1914 የሕክምና ኖቤል ሽልማት በጊዜው ሳይሰጥ ቆይቶ ነበር፤ በ1915 ለሮበርት ባራኒ ተወሰነ። በዓለም የታወቀውን ሽልማት ያሸነፈው ሰው በምርኮ ላይ ሆኖ፣ በወባ እየተንቀጠቀጠ ነው ያለው። ወሬው ቪየና ሲደርስ ሁሉም አልተደሰተም። ተማሪ አድርጎ ያልተቀበለው ፍሮይድ እንኳ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ የሰው ክብር እንዴት እንደሚገኝ ግራ እንደገባው ገለጸ።

የስዊድኑ ልዑል ካርል በቀይ መስቀል ስም ከሩሲያ መንግሥት ጋር ተደራደረ። በ1916 ባራኒ ተፈታና ስቶክሆልም ገብቶ ሽልማቱን ተቀበለ። በንግግሩም ስለዚያ ውሃው ቀዘቀዘ ስላለው ታካሚና ስለ ነርሷ፣ ስለ ልጅነቱ የውሃ ማሞቂያም አንድ በአንድ ተናገረ። ግኝቱን የራሱ ጭንቅላት ብቻ እንደወለደው አድርጎ አላቀረበም፤ በሽተኛውን አብሮ መድረክ ላይ አወጣው ማለት ይቻላል።

አገር ቤት የጠበቀው ክስ

ከዚያ ወደ ቪየና ተመለሰ። ከጦርነት፣ ከምርኮና ከወባ ተርፎ፣ ኖቤል ይዞ የመጣ ሰው ምን ይጠብቃል? እሱን የጠበቀው ክስ ነበር። የሙያ ባልደረቦቹ በጽሑፎቹ ውስጥ የሌሎችን ሥራ በበቂ አልጠቀሰም፣ የተሸለመበት ሐሳብም በእነሱ ግኝት ላይ የቆመ ነው አሉ።

ይህ ለሳይንስ ሰው ቀላል ነገር አይደለም፤ ሌባ ከመባል እኩል ነው። የስዊድን የጆሮ ሐኪሞች፣ ሆልምግሬን የተባለውን ጨምሮ፣ ጽፈው ተከራከሩለት። በቪየና ግን ቁስሉ አልዳነም። በ1917 የስዊድኗ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሲጋብዘው ቤተሰቡን ይዞ አገሩን ለቀቀ። ዳግም ቪየናን ቤቱ አላደረጋትም። ከዓለም ካርታ ላይ የምትፈለግ ግዙፍ ከተማ ትቶ በሰሜን ብርድ ውስጥ ባለች ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሥራውን ጀመረ።

እዚያም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1921 አንዲት የ27 ዓመት ወጣት ሴት ጉዳይ ጻፈ። እሷን የሚያዞራት ጭንቅላቷን ወደ አንድ ጎን አድርጋ ስትተኛ ብቻ ነበር። ባራኒ ችግሩ ከእነዚያ ቅንጣት ከያዙ ከረጢቶች እንደሚመጣ ጠረጠረ። በ1952 እንግሊዝ አገር ዲክስና ሆልፓይክ የተባሉ ሐኪሞች ምርመራውን በደንብ አስተካከሉት። ዛሬ የምናውቀው ነገር ቢኖር፣ አልጋ ላይ ሲገላበጡ ወይም ቀና ሲሉ ድንገት የሚያሽከረክረው የማዞር ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚመጣው የካልሲየም ቅንጣቶቹ ከቦታቸው ተነቅለው ወደ ቱቦዎቹ ሲገቡ መሆኑን ነው። ሕክምናውም ይገርማል፤ ክኒን ሳይሆን ሐኪሙ ጭንቅላትን በተራ በተራ እያዞረ ቅንጣቶቹን ወደ ቦታቸው መመለስ ነው። ጆን ኤፕሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ይህን ዘዴ በ1992 በጽሑፍ አወጣው። ለዓመታት ያዞራት እናት በደቂቃዎች ልትሻላት ትችላለች።

ይህን ማወቅ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። የሚያዞረው ሰው ብዙ ጊዜ አይታመንም። ቁስል የለው፣ ትኩሳት የለው፤ ሰነፍ ይባላል፣ ይሟሸታል ይባላል፣ ወይም ደም አነሰው ተብሎ ይታለፋል። እርግጥ የደም ማነስም፣ የደም ግፊትም፣ ፆምም ሊያዞር ይችላል። ግን ቤቱ ሲሽከረከር አየሁ ያለ ሰው ዓይኑ ሲመረመር እውነቱን እንደሆነ ሊታይ ይችላል። ባራኒ ያመጣው ዋናው ለውጥ ይህ ነው፤ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ የነበረ ስሜት፣ ሌላ ሰው በዓይኑ የሚያየው ማስረጃ ሆነ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ስትሮክ መታው፤ ገላው በከፊል ሽባ ሆነ። ያኔም ስለ ጡንቻ ሕመም የጀመረውን ጥናት አላቋረጠም። ሚያዝያ 8 ቀን 1936 ኡፕሳላ ውስጥ አረፈ። 60ኛ ልደቱ ሊከበር የቀረው 14 ቀን ብቻ ነበር።

ከሞተ በኋላ የታረመው

ልጆቹ የእሱን ፈለግ ተከተሉ፤ ሁለቱ ወንዶች የሕክምና ሰዎች ሆኑ፤ ትልቁ ኤርነስት እዚያው ኡፕሳላ የመድኃኒት ሳይንስ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1960 ደግሞ በስሙ የባራኒ ማኅበር ተቋቋመ፤ ማዞርንና ሚዛንን የሚያጠኑ ሐኪሞችን ከመላው ዓለም እስከ ዛሬ ያሰባስባል።

ቀሪው ታሪክ ከምድር ውጭ ነው። በ1983 መጨረሻ ስፔስላብ በሚባለው የጠፈር ቤተ ሙከራ ውስጥ ያሉ ጠፈርተኞች የባራኒን ፈተና ሞከሩት። ጠፈር ላይ ክብደት የለም፤ ሙቅ ፈሳሽ ወደ ላይ፣ ቀዝቃዛው ወደ ታች የሚባል ነገር የለም። ባራኒ ሙሉ በሙሉ ልክ ከሆነ ዓይናቸው መንቀጥቀጥ አልነበረበትም። ተንቀጠቀጠ። ስለዚህ የውሃ ማሞቂያው ማብራሪያ ዋናውን ቢነግረንም ሁሉንም አይነግረንም፤ ሙቀቱ ሌላም መንገድ አለው ማለት ነው።

ፈተናው ግን አልተጣለም። ከመቶ ዓመት በኋላም የማዞር ሐኪሞች በጆሮ ውስጥ ቀዝቃዛና ሙቅ ውሃ ወይም አየር እየነፉ የታካሚውን ዓይን ያያሉ። የሰውዬው ማብራሪያ ተሻሽሏል፤ የጀመረው ሥራ ግን ቀጥሏል። ያ ሁሉ የተጀመረው ደግሞ በሽተኛው ውሃው በረደኝ ሲል ነርሷ አልበረደም ስትል፣ ሐኪሙ በሽተኛውን ስላመነ ነው።